ሲንኩ ሳይመጣ ባንኮኒው አይቆረጥም

ባለፈው እትም የገጠር ቤት መልክ ስላለው ኩሽና፣ ፋርምሃውስ ስለሚሉት ማለቴ ነው፣ ሁለት መስመር ጣል አድርጌ አልፌ ነበር። ሁለቷ መስመር ጉድ አፈላች። ደብዳቤው ጎረፈ። ስለዚህ የዛሬው ዓምድ ከዳር እስከ ዳር ኩሽና ነው፤ የበርና የጣሪያ ጥያቄ የላካችሁ ትንሽ ታገሱኝ። ረጃጅሞቹን ደብዳቤዎች አሳጥሬያለሁ፣ ተመሳሳዮቹንም አንድ ላይ ጠቅልያለሁ። ቅር አይበላችሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ያንን ፊቱ ከካቢኔቱ ወጣ ብሎ የሚታየውን ትልቅ ነጭ ሲንክ ካላስገባሁ ሞቼ እገኛለሁ ብያለሁ። ባለቤቴ «ይሄ ገንዳ እንጂ ሲንክ አይደለም» እያለ ይስቅብኛል። አናጺው ደግሞ «አሁን ባለው ካቢኔት ላይ እንገጥመዋለን፣ ችግር የለውም» ይላል። ከምን የተሠራውን ልግዛ? ካቢኔቱስ ይችለዋል?
ነጩ የማረካት

መልስ፦ መጀመሪያ ለባልሽ እንፍረድለት። ገንዳ ነው። የመጣውም ከዚያ ነው። ቧንቧ በየቤቱ ባልገባበት ዘመን ተቀድቶ የመጣውን ውሃ የሚይዝ ሰፊ ነገር ያስፈልግ ነበር፤ እዚያው ውስጥ ዕቃው ይታጠባል፣ ልብሱ ይታሻል፣ ሲመሽ ሕፃኑም ይገባበታል። ፊቱ ወጣ ማለቱም ለቁንጅና ብቻ አይደለም። በተራው ሲንክ ፊት የባንኮኒ ጠርዝ ስላለ እሱን ተሻግረሽ ጎንበስ ትያለሽ። እዚህ ግን ያ ጠርዝ የለም፣ ሆድሽን አስጠግተሽ ቀጥ ብለሽ ትቆሚያለሽ።

አናጺው ግን ወይ ቀልዷል፣ ወይ ይሄን ሲንክ አንስቶት አያውቅም። ወርዱ 84 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የሸክላ ሲንክ ባዶውን ከ45 እስከ 70 ኪሎ ይመዝናል። ግማሹን ውሃ ስትሞይው 35 ኪሎ ገደማ ይጨመርበታል። በዚያ ላይ ድስቱን ደርቢበት። በቃ አንድ ደልደል ያለ ሰው ካቢኔትሽ ላይ ወጥቶ ውሎ አደረ በይው። ቺፕውድ ላይ በብሎን ተንጠልጥሎ የሚቆም ነገር አይደለም። ክብደቱ ወለሉ ላይ ማረፍ አለበት። ከሲንኩ ግራና ቀኝ፣ ከካቢኔቱ ውስጥ፣ ጠንካራ እንጨት እስከ ወለሉ ድረስ ይቆማል፤ በላዩ አግዳሚ ይታሰራል፤ በውሃ ልክ ይስተካከላል፤ ሲንኩ እዚያ ላይ ይቀመጣል። የካቢኔቱ ፊት ይቆረጣል፣ በሩም ያጥራል፣ ምክንያቱም የሲንኩ ፊት ብቻውን ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ይወስዳል። አናጺው ይሄን ሰምቶ «እሺ» ካለ ጥሩ። ፊቱ ከጠቆረ ሌላ አናጺ ፈልጊ።

ወደ ዓይነቱ ስንመጣ፣ ነጮቹ ሁለት ናቸው፣ ሲያዩዋቸው መንታ ይመስላሉ። አንዱ ፋየርክሌይ የሚሉት ነው። በአጭሩ ሸክላ ነው፣ ግን ከ1,100 ዲግሪ በላይ ተተኩሶ ማንጸባረቂያው ከገላው ጋር አንድ የሆነ ሸክላ። ሌላው ጊዛ ነው፣ ላዩ በኢናሜል የተለበጠ ብረት። ሸክላው እድፍ አይይዝም፣ መፈተግም አይጎዳውም። ጠላቱ ከላይ የሚወድቅ ከባድ ድስትና በቀዘቀዘበት ድንገት የሚደፋ የፈላ ውሃ ነው። የፈላ ውሃ ስትደፊ ቀዝቃዛውን ቧንቧ ክፈቺለት፣ አለቀ። ጊዛውም የማይበገር ይመስላል፤ ኢናሜሉ የተፈነቀለ ዕለት ግን ከሥሩ ያለው ብረት መዛግ ይጀምራል።

ስቴንለስ ስቲልም በዚህ ቅርጽ ይሠራል። ነጭ አይደለም፣ አውቃለሁ፣ ግን ከሁሉም ይቅር ባይ እሱ ነው። ብርጭቆ ቢያመልጥሽ ሸክላው ላይ ብን ነው የሚለው፣ እዚህ ግን የመትረፍ ዕድል አለው። ስትገዢ ውፍረቱን ጠይቂ። 1.2 ሚሊ ሜትር ይሠራል፣ 1.5 ይሻላል። ሻጮቹ ጌጅ በሚሉት ቁጥር ነው የሚያወሩት፣ እሱ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ 16 ከ18 ይወፍራል። በጣትሽ አንኳኪው። እንደ ቆርቆሮ ከጮኸ ከሥሩ ድምፅ የሚያፍን ጎማ አልተለጠፈበትም ማለት ነው። የመዳቡን ባትጠይቂኝ ይሻላል። መልኩን እንደ ሰማይ ይቀያይራል። ያንን የሚወድ ሰው አለ፣ እኔ አይደለሁም።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገርሽ። የኔን ኩሽና ስሠራ ሲንኩ ገና መንገድ ላይ ነው፣ እኔ ደግሞ ቸኩያለሁ። ልኩን ከወረቀቱ ላይ አንብቤ ባንኮኒውን አስቆረጥኩ። ሲንኩ መጣ። ከወረቀቱ በ8 ሚሊ ሜትር ያንሳል። ሸክላ እሳት ውስጥ ይኮማተራል፤ ከአንድ ቅርጽ የወጡ ሁለት ሲንኮች እንኳ ልክ እኩል አይሆኑም። ይሄን አውቃለሁ፣ ለሰውም ስነግር ነው የኖርኩት፣ ለራሴ ግን አልነገርኩትም። ክፍተቱን በሲሊኮን ደፈንኩት። እስከ ዛሬ እንግዳ ኩሽና ሲገባ ዓይኔ እዚያች መስመር ላይ ነው። ስለዚህ ሲንኩ ቤት ይግባ፣ ቦታው ላይ ይቀመጥ፣ ከዚያ የባንኮኒው ሰው መጥቶ ወረቀቱን ሳይሆን ሲንኩን ራሱን ይለካ።

ጥልቀቱንም እዪ። ባንኮኒሽ 90 ሳንቲ ሜትር ከሆነና ሲንኩ 25 ከጠለቀ፣ እጅሽ የሚሠራው ከወለሉ 65 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ረጅም ከሆንሽ ዋጋውን ወገብሽ ይከፍላል። ከ20 እስከ 22 ለብዙ ሰው ይበቃል። ከሥሩ የሽቦ መደርደሪያ አድርጊበት፤ ሸክላውን ከድስት ያድነዋል፣ ዕቃውንም ወደ አንቺ ትንሽ ከፍ ያደርገዋል። አንድ ሰፊ ጎድጓዳ ነው ወይስ ለሁለት የተከፈለ የሚለውን ሌሎችም ጠይቃችኋል። እኔ ለአንዱ ነኝ። ትልቅ ድስት ለማጠብ ተብሎ የተገዛን ነገር ለሁለት መክፈል አይገባኝም።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ወደ 70 እየተጠጋ ነው። ልጆቼ የኩሽናዬን ወለል ሊያድሱልኝ ተነስተዋል። ትልቁ «እውነተኛ እንጨት ካልሆነ» ይላል፣ ሴቷ እንጨት የሚመስል የፖርስሊን ሴራሚክ ትላለች፣ ትንሹ ደግሞ ቪኒል፣ የፕላስቲኩ ንጣፍ፣ ይበቃል ባይ ነው። እኔ የምፈልገው የማያንሸራትተኝና ጉልበቴን የማይጎዳኝ ነው። ማንን ልስማ?
የሦስት ልጆች እናት

መልስ፦ እትዬ፣ ልጅ ማለት እንዲህ ነው፣ ይባረኩ። ሦስቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው።

ከትልቁ ልጅዎ ልጀምር። እንጨት ለእግር ይመቻል፣ ሲያረጅ ያምራል፣ ጭረቱ እንኳ ለዚህ ዓይነት ኩሽና ጌጥ ነው። ግን እንጨት ተቆርጦም አይሞትም። እርጥበት ሲበዛ ያብጣል፣ አየሩ ሲደርቅ ይሸሻል። ለዚህ ነው አንጣፊው ከግድግዳው 10 ወይም 12 ሚሊ ሜትር ትቶ ክፍተቱን በዞኮሎ የሚሸፍነው። ያንን ክፍተት የሥራ ጉድለት መስሎት የሚደፍን ሰው አለ፤ ኋላ ወለሉ መሃል ላይ ጉብ ሲል ይደነግጣል። ደግሞ ኩሽና ውስጥ እንጨትን የሚጨርሰው ጎርፍ አይደለም። ሲንኩ ፊት ያለችው፣ በየቀኑ ጠብ ጠብ የሚልባት አንዲት ካሬ ናት ቀድማ የምትሄደው። ቫርኒሽ ከሆነ እዚያች ቦታ ይላጣል፣ ቦታዋን ብቻ ቢቀቡት ደግሞ ከሌላው አይመሳሰልም። ዘይት የጠጣ እንጨት ግን እሷን ብቻ በብርጭቆ ወረቀት አሸት አድርጎ መልሶ ዘይት ማጠጣት ይበቃዋል። ላሚኔትን «ይሄም እንጨት ነው» ብሎ የሚያመጣልዎ ካለ ይጠንቀቁ። የአብዛኛው ውስጡ የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ነው፤ ጠርዙ አንዴ ውሃ ጠጥቶ ካበጠ ወደ ቦታው አይመለስም።

የሴቷ ልጅዎ ፖርስሊን ውሃ በመቋቋም የሚስተካከለው የለም። ከክብደቱ 0.5 በመቶ ያህል ውሃ እንኳ አይጠጣም። አንዴ በደንብ ከተነጠፈ ይረሱታል። ችግሩ ያው ጥንካሬው ነው። የወደቀበት ሳህን አይተርፍም፣ ሲቆምበት የዋለ ጉልበትም እንደዚያው። ከመረጡት የሚያብለጨልጨውን አይንኩት። ካርቶኑ ላይ «አር» ከሚለው ፊደል ቀጥሎ ቁጥር ካለ፣ 9 ለስላሳው ነው፤ ለኩሽና 10 ወይም 11 ያስመጡ። ቁጥር ከሌለው ናሙናውን መሬት ላይ አድርገው የሳሙና ውሃ ያፍስሱበትና አንዱ ልጅዎ በጫማ ይርገጠው። እርስዎ አይደሉም። አንድ ነገር ደግሞ ለአንጣፊው ይንገሩልኝ። እንደ ጣውላ ረጅም የሆነው ፖርስሊን ብዙ ጊዜ በጣም ስስ የሆነ ደጋን አለው፣ መሃሉ ከጫፉ ከፍ ይላል። እንደ ጡብ ግማሽ በግማሽ ካዛነፈው የአንዱ ጫፍ ከሌላው ወገብ ጎን ይውልና ጣት የሚያደናቅፍ ከንፈር ይወጣል። ከርዝመቱ ሲሶ በላይ እንዳያዛንፍ።

እንግዲህ እርስዎ የፈለጉት ካልተቀየረ ትንሹ አሸንፏል። ቪኒል ከፖርስሊን ይልቅ ለእግር ይለዝባል፣ አይቀዘቅዝም፣ ውሃ አይገባውም። እንጨት የሚመስለው ዛሬ ዛሬ ጎንበስ ብለው ካልነኩት አይለይም። ግን ስስ ነው፣ ከሥሩ ያለውን ሁሉ ያሳብቃል። ከሥሩ የቀረች ጠጠር ከላይ ብጉር ሆና ትታያለች። ስለዚህ ወለሉ መጀመሪያ ይስተካከል፣ ይደረቅም። አዲስ ሊሾ ለመድረቅ በጥሩ አየር እንኳ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረት አንድ ቀን ገደማ ይፈልጋል፤ 50 ሚሊ ሜትር ከሆነ ወደ ሁለት ወር ነው፣ «ነገ እናነጥፋለን» የሚለውን አይስሙ። መፈተኛው ቀላል ነው። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ላስቲክ ወለሉ ላይ ዘርግተው አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ያሽጉና ያሳድሩት። ጠዋት ሲገልጡት ላብ ካዘለ ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ ገና ነው። ሲያልቅ ደግሞ ሥሩ ጎማ የሆነ ምንጣፍ አያንጥፉበት። ጎማው ቪኒሉን ቢጫ ያደርገዋል፣ ያ ቢጫ ደግሞ በምንም አይለቅም። ለነገሩ በርስዎ ዕድሜ ሲንክ ፊት የሚሸሽ ምንጣፍ ባይኖር እኔ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ኩሽናው ሁሉ ነጭ ነው። በወለሉ ሴራሚክ መካከል የሚሞላው ግራውትም ነጭ ይሁን?
አጭር ጥያቄ

መልስ፦ አይሁን። ወር ሳይሞላው አመድ ይመስላል፣ ያውም አንዱ ጋ ጠቆር ሌላው ጋ ነጣ እያለ። ከመጀመሪያው አመድማ አድርጊው።

ጥያቄ፦ ኩሽናዬ 3 በ4 ሜትር ነው። በአንዱ ረጅምና በአንዱ አጭር ግድግዳ ላይ ካቢኔት አለ። መሃል ላይ አይላንድ የሚሉትን፣ ከግድግዳ ተነጥሎ የሚተከለውን ባንኮኒ፣ እፈልጋለሁ፣ ሲንኩንም አሁን ካለበት ወደ መስኮቱ ሥር ማዞር አስቤያለሁ። ሚስቴ ትጠብባለች ትላለች። ይሆናል ወይስ አይሆንም?
መሃሉ ባዶ የሆነበት

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ወርዱ 3 ሜትር ነው። ካቢኔቱ 60 ሳንቲ ሜትር ይወስዳል፣ 2.40 ቀረህ። ደህና የሚባል አይላንድ 80 ይሆናል፣ 1.60 ቀረህ። አንድ ሰው ብቻ የሚሠራበት መተላለፊያ 105 ሳንቲ ሜትር ይፈልጋል፣ ሁለት ሰው ከሆናችሁ 120። አንዱን ጎን 105 ብታደርገው ሌላው ጎን 55 ይሆናል። በ55 ድመት ታልፋለች። ሚስትህ ልክ ናት።

ግን ተስፋ አትቁረጥ፣ ምክንያቱም የዚህ ዓይነት ኩሽና ድሮም አይላንድ አልነበረውም። የነበረው ጠረጴዛ ነው። ወርዱ 60፣ ርዝመቱ 120 የሆነ፣ እግሩ የሚታይ፣ ሲያስፈልግ የሚገፋ ጠንካራ ጠረጴዛ ብታቆም በአንዱ ጎን 105 በሌላው 75 ይተርፍሃል። ያውም እግሩ ክፍት ስለሆነ ዓይን ወለሉን አሻግሮ ያያል፣ ክፍሉ አይታፈንም። ተቀምጠህ የምትሠራበት ከሆነ ቁመቱ 75፣ ቆመህ ከሆነ 90። ካልተመቸህ ከግድግዳ ታስጠጋዋለህ። አይላንድን ማን ያስጠጋዋል?

ስለ አቀማመጡ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተጠና ነገር አለ፣ የሥራ ሦስት ማዕዘን ይሉታል። ከሲንክ ወደ ምድጃ፣ ከምድጃ ወደ ፍሪጅ፣ ከፍሪጅ ወደ ሲንክ። እያንዳንዱ መስመር ከ1.20 እስከ 2.70 ሜትር፣ ሦስቱ ተደምረው ከ8 ሜትር በታች ቢሆኑ ይመረጣል። ጥሩ መነሻ ነው፣ ግን ለአንድ ሰው የታሰበ ነው። ሁለት ሆናችሁ የምትሠሩ ከሆነ ማን የት እንደሚቆም ማየቱ ይበልጣል። እኔ የማደርገውን ልንገርህ። አሮጌ ጋዜጣና ካርቶን በእውነተኛው ልክ ቆርጬ ወለሉ ላይ አነጥፋለሁ፣ ከዚያ ሰዎቹን «በሉ ሥሩ» እላቸዋለሁ። አንዱ የሌለ ፍሪጅ ይከፍታል፣ ሌላዋ የሌለ ድስት ይዛ ትዞራለች፣ ይሳሳቃሉ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ የት እንደሚጋጩ ይታያል።

መስኮቱ ሥር ሲንክ፣ አዎ፣ ደስ ይላል። ግን ከመወሰንህ በፊት ሁለት ነገር እይ። አንደኛው ፍሳሹ ነው። ቱቦው በአንድ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል መውረድ አለበት፤ ሲንኩ ከዋናው ፍሳሽ 3 ሜትር ከራቀ 6 ሳንቲ ሜትር ቁልቁለት ከየት እንደምታመጣ ለቧንቧ ሠራተኛው ተወው፣ ግን ጠይቀው። ሁለተኛው ሁሉም የሚረሳው ነው። መስኮትህ የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው? ከሆነ ያ አንገቱ ረጅም ቧንቧ ይመታዋል፣ መስኮቱም ዕድሜ ልኩን በስንጥቅ ብቻ ይከፈታል። ከሲንኩ በአንዱ ጎን 60፣ በሌላው 45 ሳንቲ ሜትር ባዶ ባንኮኒ ይኑርህ። ያልታጠበው አንድ ጎን፣ የታጠበው ሌላ ጎን።

ጥያቄ፦ ወለሉ ይቀድማል ወይስ ካቢኔቱ? አንጣፊውና አናጺው ሊደባደቡብኝ ነው።
መሃል የቆመች

መልስ፦ ሴራሚክ ከሆነ ወለሉ ይቅደም፣ ክፍሉን በሙሉ ይነጠፍ። እየተጠላለፈ ሳይጣበቅ የሚነጠፈው ቪኒል ወይም ላሚኔት ከሆነ ካቢኔቱ ይቅደም፤ እንዲህ ያለው ወለል ከከባድ ካቢኔት ሥር ተጨቁኖ ከተያዘ መንቀሳቀስ አቅቶት መገጣጠሚያው ይከፈታል። የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ካለሽ ግን ልብ በዪ። ከፊቱ ብቻ ተነጥፎ ከሥሩ ከቀረ ወለሉ እንደ ደፍ ከፍ ይልበታል። ማሽኑ የተበላሸ ቀን ከባንኮኒው ሥር አይወጣም። ወይ ንጣፉን ከሥሩ አስገቢ፣ ወይ በተመሳሳይ ውፍረት ጣውላ ከፍ አድርጊው። ለዚህ ብሎ ባንኮኒ ያስነሳ ሰው አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ የኦክ እንጨት ባንኮኒ አስገብቼ ሲንኩ ዙሪያ ጠቁሮብኛል። ሻጋታ ነው?
ያዘነ

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፣ ግን ኦክ ካልክ መጀመሪያ የምጠረጥረው ብረት ነው። ኦክ ውስጥ ታኒን የሚባል ነገር አለ፤ ብረትና ውሃ ሲያገኝ እንደ ቀለም ይጠቁራል። እርጥብ የብረት ቆርቆሮ ወይም የሽቦ መፈግፈጊያ እዚያ እያሳደርክ አይደል? ጥቁረቱ በኦክሳሊክ አሲድ ይለቃል። ጓንት አድርግ፣ መስኮት ክፈት፣ በኋላም በደንብ እጠበው። ሲደርቅ አሽተህ ዘይት አጠጣው፣ ከላይ ብቻ ሳይሆን በሲንኩ በኩል የተቆረጠውን ጠርዝና ከሥርም ጭምር። ከታች በጠርዙ በኩል ቀጭን ቦይ ካልተፈለፈለ አስፈልፍለው፤ ወደ ሥር የሚሳበው ውሃ እዚያ ደርሶ ይንጠባጠባል እንጂ ካቢኔቱ ውስጥ አይገባም።

ጥያቄ፦ ከላይ በር የሌለው ክፍት መደርደሪያ ይመከራል?
አቧራ የምትፈራ

መልስ፦ በየቀኑ ለምታነሺው ሳህንና ብርጭቆ አዎ፣ አቧራ ሳያገኘው ይታጠባል። በዓመት ሁለቴ ለሚወርደው ዕቃ በር ያስፈልገዋል። ምድጃው አጠገብ ግን ክፍት አይሁን፤ እንፋሎቱና ዘይቱ ከአቧራው ጋር ይለጠፍና በጨርቅ የማይነሳ ሙጫ ይሆናል። የኔው ቤት እንደዚያ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እፈትገዋለሁ።